ላዳዋ ውሃ የጠጣችበት ዳገት

«ሰላም ጋሼ። 24 ዓመቴ ነው፤ ከቤተሰቤ ጋር አያት ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ። አባቴ 61 ዓመቱ ነው። 27 ዓመት ሰማያዊ ላዳ ታክሲ ነድቷል። አምና ላዳዋን ሸጦ፣ እቁብ ደርሶት፣ ከአጎቴም ተበድረን ቢዋይዲ ሲጋል የምትባል ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛን። አሁን ራይድ ይሠራባታል። ከማደያ ሰልፍ ስለተገላገለ ደስ ብሎታል። የድሮ ጓደኞቹ ግን ‹የልጆች መጫወቻ ነች› እያሉ ይቀልዱበታል። እኔም የኤሌክትሪክ መኪናን የሚያስተዋውቅ አጭር ቪዲዮ ሠርቼ ቲክቶክ ላይ ልለቅ አሰብኩ።

ካሜራ የለኝም፤ ስልኬ ብቻ ነው ያለው። አባቴን ሱፍ አልብሼ መኪናዋ ፊት አቆምኩት። የሚናገረውንም በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። ‹የኤሌክትሪክ መኪና ለአካባቢ ጥበቃ ያለው ፋይዳ እጅግ ከፍተኛ መሆኑ ይታወቃል› ብሎ ጀመረ። 4 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ሆነ። ታናሽ ወንድሜ አይቶት ‹የቀበሌ ስብሰባ ነው እንዴ?› አለ። ያየው 63 ሰው ነው፤ ግማሹ ዘመድ። አባቴም ‹እኔ ለካሜራ አልሆንም› ብሎ ተቀየመ።

ሌላም ነገር አለ። መኪና የሚያስመጣ አንድ ሰው ቪዲዮውን አይቶ ደወለልኝ። እንደገና ከሠራሽው እከፍልሻለሁ አለኝ። ግን ‹አንዴ ከሞላች 400 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፣ ጥገና የሚባል ነገር አታውቅም› እንድል ይፈልጋል። አባቴ ደግሞ ‹280 ከሄደች ተመስገን ነው› ይላል። ምን ላድርግ?

በነገራችን ላይ አባቴ ዝምተኛ ሰው አይደለም። ባለፈው እራት ላይ ላዳዋን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲያወጣት ሦስት ቦታ እየቆመ በሃይላንድ ውሃ ያጠጣት እንደነበር ሲያወራ በሳቅ ገደለን።»

ማ. ከአያት

ማ. እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። የላክሽልኝን ቪዲዮም አየሁት፤ እስከ መጨረሻው። ስለዚህ 64 ሆነናል።

ወንድምሽ አልተሳሳተም። ግን ጥፋቱ የአባትሽ አይደለም፤ የወረቀቱ ነው። 27 ዓመት ሙሉ ከኋላ ወንበር ሰው ጭነው ሲጫወቱ የኖሩ ሰው ናቸው። የታክሲ ሾፌር ወሬ አያልቅበትም። አንቺ ወረቀት ሰጠሻቸውና ዜና አንባቢ አደረግሻቸው። ሱፉም አላገዘም።

ቪዲዮሽ ያለው ‹በነገራችን ላይ› ብለሽ ደብዳቤሽ ጫፍ ላይ ጣል ያደረግሻት መስመር ውስጥ ነው። እሷን አውጪና ሥሪያት። ሌላው ሁሉ ይቅር።

እንዲህ ነው የማስበው። አባትሽን ይዘሽ ሽሮ ሜዳ ሂጂ። አንቺ ጋቢና ተቀመጪ፣ ስልኩን ያዢ። እሳቸው ወደ እንጦጦ ይንዱ። ላዳዋን ውሃ ያጠጡባቸው የነበሩት ሦስት ቦታዎች ጋ ስትደርሱ «እዚህ ጋ ነበር» ይበሉ። አይቁሙ፣ ወደ ካሜራም አይዙሩ፤ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ይሁን። ላይ ስትደርሱ መኪናዋን አቁመው ወሬውን ይጨርሱት። ከዚያ ተመለሱ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ነገሩ ቀልድ ብቻ ስላልሆነ ነው ይህን የመረጥኩት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት። እንጦጦ 3,000ን ያልፋል። ከፍ ባልሽ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። የቤንዚን ሞተር ደግሞ ቤንዚኑን የሚያነደው በአየር ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ገና መሀል ከተማ ላይ እያለ ከጉልበቱ አምስት እጅ አንዱን ያህል አጥቷል። እንጦጦ ጫፍ ሲደርስ ያጣው ከሩብ ይበልጣል። በዚያ ላይ ዳገት፣ በዚያ ላይ በአንደኛ ማርሽ መንፏቀቅ። ምስኪን ላዳ! ስንቱ ሾፌር «አሮጌ ስለሆነች ነው» እያለ ሲሰድባት ኖሯል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አይተነፍስም። አየሩ ቢሳሳም ባይሳሳም ግድ የለውም። ሽሮ ሜዳ ላይ ያለው ጉልበት እንጦጦ ማርያም ደጃፍ ላይም አለ።

ይህን ሁሉ አባትሽ ቪዲዮው ላይ ያብራሩ እያልኩሽ አይደለም። እንዳታደርጊው! አንቺ ግን እወቂው፤ አስተያየት መስጫው ላይ የሚከራከርሽ አይጠፋም።

አሁን ወደ ቁጥሯ እንምጣ። ሾፌሩ ፊት ያለው ስክሪን ላይ የባትሪው መቶኛ ይታያል። የስክሪኑ ጽሑፍ ቻይንኛ ከሆነም ችግር የለውም፤ ቁጥር በሁሉም ቋንቋ ቁጥር ነው። ሦስት ጊዜ ብቻ ቅረጪያት፦ ሽሮ ሜዳ ስትነሱ፣ እንጦጦ ስትደርሱ፣ ተመልሳችሁ ሽሮ ሜዳ ስትቆሙ። ስትወጡ ትቀንሳለች። ስትወርዱ አባትሽ እግራቸውን ከፍጥነት መስጫው ሲያነሱ ሞተሩ ጄነሬተር ይሆንና ባትሪውን መልሶ ይሞላል። የከተማው ሰው አብዛኛው ይህን በዓይኑ አላየም። ቁልቁለት ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ያየ ሰው ስልኩን ለጎረቤቱ ማቀበሉ አይቀርም።

ግን ተአምር አትጠብቂ። ሁለት ሰው የጫነች የእናንተን የምታክል መኪና 100 ሜትር ወደ ላይ ለማውጣት 0.4 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም ከባትሪዋ አንድ መቶኛ ያህል ይበላል። ይህ እንግዲህ ከመንገዱ ርቀትና ከሌላው ብክነት ውጪ፣ ለከፍታው ብቻ ነው። ስትወርዱ የሚመለሰው ከዚህ ላይ ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት መቶኛ ብቻ ብትመለስ «አልሠራም» ብለሽ እንዳትደነግጪ። ያየሽውን እሱኑ አሳዪ። ደግሞ 100 አስሞልታችሁ አትሂዱ። ሞልቶ የተትረፈረፈ ባትሪ የሚመለሰውን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ እንስራ እንደማለት ነው። 70 ወይም 80 ላይ ሆና ትነሳ።

ድምፅ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ጀማሪን ጉድ የሚሠራው ምስል ሳይሆን ድምፅ ነው። እኔ 11 ዓመት ሠርግ ቀርጫለሁ። አንድ ጊዜ ለአንድ ወዳጄ ሱቅ ማስታወቂያ ሠራሁ። ምስሉ ልብ ይሰርቃል። ቤት ገብቼ ስከፍተው ከሰውየው አፍ የሚወጣው ነፋስ ብቻ ነው። ፉፉፉፉ! የሰውን ብር መለስኩ። እስከ ዛሬ ሱቁ ፊት ለፊት ሳልፍ አንገቴን እደፋለሁ።

እንጦጦ ደግሞ የነፋስ አገር ነው። ውጭ ቆመሽ አታናግሪያቸው። ስቱዲዮ አለሽ እኮ! መኪናዋ ራሷ ስቱዲዮ ነች። መስኮቱን ዝጉ፣ ኤሲውን አጥፉ፣ ሙዚቃ ካለ ዝጉት። ወንበሩና ጣሪያው ድምፅ ስለሚመጥጡ አያስተጋባም። የሚጮህ ሞተር የለም። ቦሌ ያሉ ስቱዲዮዎች በሰዓት የሚያስከፍሉበትን ጸጥታ በነፃ ታገኛለሽ። የወንድምሽን ስልክ ተዋሺና ድምፅ መቅጃውን ከፍተሽ አባትሽ ደረት ኪስ ውስጥ ክተቺው። ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጊዜ አጨብጭቢ። በኋላ ኤዲት ስታደርጊ የጭብጨባዋን ምስልና ድምፅ ታገጣጥሚያለሽ፣ ሌላው ራሱ ይስተካከላል። ይህን ካፕካት በሚባለው የስልክ ኤዲቲንግ አፕ ላይም ትችይዋለሽ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። እንጦጦ ላይ ቆማችሁ ወሬው ሲያልቅ ወዲያው አትቁረጪው። መስኮቱን ዝቅ አድርጋችሁ አሥር ሴኮንድ ዝም በሉና ቅረጪ። መኪናዋ እንደበራች ናት፣ ግን ወፍ ይሰማል። «ጸጥ ያለች መኪና ነች» ብለሽ ከምትጽፊ ይኸው ይበልጣል።

ርዝመቱ ከ90 ሴኮንድ አይለፍ። ይህን ልክ ከኪሴ አላወጣሁትም። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ለኢሎን መስክ ደብዳቤ ጻፈች። ቴስላ ማስታወቂያ አይሠራም፤ ሰዎች ግን በራሳቸው ጊዜ ቪዲዮ እየሠሩ ያስተዋውቁላችኋል፤ ለምን አታወዳድሯቸውም? አለችው። እሺ አለ። ኩባንያው ውድድሩን ሲያወጣ የሰጠው ልክ 90 ሴኮንድ ነበር። ያሸነፈው ዩቲዩበሩ ማርከስ ብራውንሊ ነው፤ ያን ጊዜም ስመ ጥር ስለነበር አማተር ነው ማለት ይከብዳል። ልኩ ግን ጥሩ ልክ ነው። ያንቺ 4 ደቂቃ ከ20 የሦስት ቪዲዮ ዕድሜ ነው።

ስለዚህ «ሰላም ጤና ይስጥልን፣ ዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው» የሚባል ነገር የለም። የመጀመሪያዋ ድምፅ «እዚህ ጋ ላዳዬን ውሃ አጠጣት ነበር» ትሁን። ላዳ የተሳፈረ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ጣቱን ያቆማል።

አሁን ወደ መኪና አስመጪው ሰውዬ።

400 የምትለዋ ቁጥር ከየት እንደመጣች ልንገርሽ። ትልቁን ባትሪ የያዘችው ሲጋል ባትሪዋ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ቻይና ውስጥ በሚጠቀሙበት መለኪያ 405 ኪሎ ሜትር ተብሎ ተጽፎላታል። ያ መለኪያ በአብዛኛው ዝግ ባለ ፍጥነት፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። የአያት ዳገት፣ አራት ተሳፋሪ፣ የኋላ ሻንጣ፣ የክረምት ዝናብ፣ በፈጣን መንገድ በ100 እና በ110 ለረጅም ሰዓት መንዳትን አያውቅም። ሰውየው ቁጥሩን አልፈጠረውም፤ ወረቀቱ ላይ ያነበበውን ነው የሚነግርሽ። ግን ወረቀት አይነዳም። አባትሽ ናቸው የሚነዱት፣ እሳቸው ደግሞ 280 ብለዋል።

እስቲ አስቢው። አንድ የላዳ ሾፌር ቪዲዮሽን ያያል። እንደ አባትሽ ያለ ሰው። 400 ሲባል ያምናል። ይገዛል። ቤተሰቡን ጭኖ ሐዋሳ ይወርዳል፤ 275 ኪሎ ሜትር ነው፣ መሄጃው ደግሞ በአብዛኛው ቁልቁለት ስለሆነ ደረሰ እንበል። ሞልቶ ሲመለስ ግን መጨረሻው ዳገት ነው። ዱከም ላይ ልትቆምበት ትችላለች። ዱከም ቆሞ ሥጋ መብላት የሚጠላ የለም፤ ፈልገሽ ስትቆሚ ነው እንጂ። ያ ሰው የሚረግመው መኪና አስመጪውን አይደለም። የአባትሽን ፊት ነው የሚያስታውሰው።

«ጥገና አታውቅም» የምትለዋንም ተያት። የሞተር ዘይት አይቀየርም፣ ካንዴላ የለም፣ ይህ እውነት ነው። ጎማ አለ፣ ፍሬን አለ፣ ጎማውን የሚሸከመው እጅ እግሯ አለ። የእኛ መንገድ ደግሞ ታውቂዋለሽ።

ገንዘቡን አትውሰጂ አልልሽም። እቁብና ብድር ያለበት ቤት ውስጥ ሆነሽ ብር መጣልሽ፤ እኔ ማን ነኝ? ግን እንዲህ በይው፦ «አባቴ የሚለው 280 ነው፣ የምንለውም እሱን ነው፤ የከፈልክ መሆንህንም ቪዲዮው ላይ እንጽፋለን።» በዚህ ከተስማማ ጨዋ ነጋዴ ነው፣ ተቀበዪው። ካልተስማማ መልሱን ሰጥቶሻል። እኔ እንደሚመስለኝ ደግሞ 280 የሚለው ቪዲዮ ብዙ መኪና ይሸጥለታል። የራይድ ሾፌር በቀን ስንት እንደሚነዳ ያውቃል፤ 280 ይበቃዋል።

እና አንድ ነገር አስደንግጦኛል። ቪዲዮሽ 1 ደቂቃ ከ10 ላይ መኪናዋ ቻርጅ ስትደረግ ይታያል። የተሰካችው ዲቫይደር ላይ ነው፤ ዲቫይደሩም መሬት ላይ፣ ከጎኑ የልብስ ማጠቢያ ባልዲ። ይህን ቆርጠሽ አውጪ አልልሽም፤ ቤታችሁ ውስጥ አስተካክሉት ነው የምልሽ። በቤት ሶኬት የሚሞላው ቻርጀር 10 አምፔር ቢስብ በ220 ቮልት 2,200 ዋት ነው። እንጀራ ምጣድ ከዚያ በላይ ይስባል፤ ከ3,000 ያልፋል። ምጣድ ግን እንጀራው ሲያልቅ ይጠፋል። መኪና ሌሊቱን ሙሉ ነው የምትስበው። ባዶዋን ለመሙላት ከ18 ሰዓት በላይ ትፈልጋለች። ተራ ዲቫይደር ያንን አይችልም፤ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ ከዚያ እሳት። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ለብቻው ወፍራም ሽቦ፣ ብሬከርና ጥሩ የምድር መስመር ያለው ሶኬት አስገጥሙ። ኮንዶሚኒየም ላይ ከኮሚቴው ጋር መነታረክ እንዳለ አውቃለሁ። ተነታረኩ። ይህ ሳይስተካከል ቻርጅ የምታደርጉበትን አትቅረጪ፤ ሰው ያየውን ነው የሚያደርገው።

የመጀመሪያው አስተያየት ምን እንደሚል አሁኑኑ እነግርሻለሁ፦ «መብራት ሲጠፋስ?» ቀጥሎ «ዝናብ ላይ አይዝም?» ቀጥሎ «ባትሪው ሲሞት በስንት ይቀየራል?» አትናደጂ። እነዚህ የሚቀጥሉት ቪዲዮዎችሽ ናቸው። ለአንዱ ጥያቄ አንድ ቪዲዮ። አባትሽ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ እኔ አላውቅም፣ እሳቸው ያውቃሉ። ማታ ማታ ሳይቀንስ ይሞሉ ይሆናል፤ ፈጣን ቻርጀር ያለበት ጣቢያ ሄደው በቴሌብር ከፍለው ይሞሉ ይሆናል። ተሰልፈው ተማርረውም ከሆነ ያንኑ ይናገሩ። ጉድለቱን የሚናገር ሾፌር ስለ ጥሩው ሲያወራ ይታመናል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ሰው ይህን መኪና ወዶም ሳይወድም እያየው ነው። ግዙ ብሎ የሚለፍፍለት አላጣም። ያጣው ነድቶት የሚያወራለት ሰው ነው።

ጥቂት ቁርጥራጭ ነገሮች ልጨምር።

በጠዋት ሂዱ፣ ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው። ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ መንገዱም አይጨናነቅም። እንጦጦ መንገድ ላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ልታገኙ ትችላላችሁ። እነሱን ለማሳመሪያ አትቅረጪያቸው፤ ያንን ሸክም ከኋላ አድርጎ ስለ አዲስ መኪና ማውራት ደስ አይልም።

ድሮን ያለው ጓደኛ ካለሽ ይቅር፤ ያለ ፈቃድ አይበርም። ቻርጅ ጣቢያም ሆነ ሌላ ግቢ ስትቀርጪ ጥበቃውን አስቀድመሽ አናግሪው። ሻይ ጋብዘሽ ማስፈቀድና «አቁሚ!» ተብሎ ስልክሽ መነጠቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የታዋቂ ድምፃዊ ዘፈን ከታች አታስገቢ። የቅጂ መብት አዋጅ አለን፣ ቁጥር 410/1996። ዘፈንም አያስፈልግሽም፣ ጸጥታውን ነው የምትሸጪው።

ሕዳሴ ግድብን ላስገባ ወይ ብለሽ ታስቢ ይሆናል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ከተመረቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ቪዲዮ ሁሉ ግድቡን ያሳያል፤ 5,150 ሜጋዋት ይላል፣ ከበሮ ይመታል። አባትሽ ራሳቸው ካነሱት ተያቸው ይናገሩ። በአብዛኛው በውሃ ኃይል የሚሠራ መብራት መኪናቸውን እንደሚነዳ ያውቃሉና በራሳቸው አማርኛ ቢሉት ያምራል። አንቺ ግን አታስጠኚያቸው።

አሁን የቀረው የአባትሽ ቅያሜ ነው። ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። «ቪዲዮ እንቅረጽ» ብለሽ አትጀምሪ። «አባዬ፣ ያችን ላዳ ውሃ ያጠጣህባቸውን ቦታዎች አሳየኝ» በያቸው። ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ አንተም ሆነ አንቱ፣ እንደለመድሽው። ስልኩን ግን አትደብቂ፣ በግልጽ ያዢው። ሱፉን ያውልቁ። ሹራባቸውን፣ ኮፍያቸውን፣ በየቀኑ ለብሰው የሚወጡትን ይልበሱ። ከተሳሳቱ «እንደገና» አትበያቸው። ሰው ያንኑ ቀልድ ሁለተኛ ጊዜ ሲያወራ ፊቱ ይታወቅበታል። ካልተሳካ ሌላ ቅዳሜ አለ። ከመለቀቁ በፊትም መጀመሪያ እሳቸው ይዩት፤ አይሆንም ካሉ አይሆንም።

ወንድምሽን ከኋላ ወንበር አስቀምጪው። ሲስቅ ይሰማ፤ የተመልካቹ ሳቅ እሱ ነው። አንድ ባዶ ሃይላንድም ይያዝ። የቀበሌ ስብሰባ ነው ብሎ የቀለደ ልጅ እንጦጦ ላይ አባቱን «አባዬ፣ ይቺስ ውሃ አትጠጣም?» ብሎ መጠየቅ አያቅተውም።

ሲያልቅ ላኪልኝ።